ሺንኞ ያለባቸው ካንጂዎች ተምታቱብኝ

የማታ ፈረቃ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ጃፓን፣ ሳይታማ ነው። ቀን ጃፓንኛ እማራለሁ፣ ማታ ዕቃ መጋዘን ውስጥ እሠራለሁ። ሂራጋናና ካታካና የሚባሉትን የድምፅ ፊደሎች ጨርሻለሁ። ካንጂ የሚባሉት፣ እያንዳንዳቸው ትርጉም ያላቸው ፊደሎች፣ በተለይ የእንቅስቃሴዎቹ ግን አስቸገሩኝ። ያ ሺንኞ የሚሉት የካንጂ ክፍል፣ በግራ ወርዶ ከሥር ወደ ቀኝ የሚዘረጋው አለ አይደል? እሱ ያለባቸው ሁሉ አንድ ይመስሉኛል። ባለፈው ሳምንት «ሄንሶ» የተባሉትን፣ ለላኪው የሚመለሱትን ካርቶኖች፣ «ሃሶ» ከሚባሉት፣ ገና ከሚላኩት ጋር ቀላቀልኳቸው። አርባ ካርቶን! አለቃዬ አልተቆጣኝም፤ ዝም ብሎ አብሮኝ ለየ። እሱ ነው ይበልጥ ያሳፈረኝ። እናንተ እንዴት አጠናችሁት?

ናጎያ ያለሁት፦
አይዞህ ወንድሜ፣ እኔንም አስለቅሶኛል። የሁለቱም ቃላት ሁለተኛ ካንጂ እኮ አንድ ነው፤ «ሶ»፣ መላክ ማለት። ሺንኞም አለበት። ልዩነቱ የመጀመሪያው ላይ ነው። የ«ሃሶ»ን መጀመሪያ ባቡር ጣቢያ፣ መነሻ ሰዓት አጠገብ ታየዋለህ። የ«ሄንሶ» መጀመሪያ ግን ራሱ ሺንኞ አለው፤ ላዩ ላይ «ተቃራኒ» የሚለው ተቀምጧል። ስለዚህ ሺንኞ ሁለቴ ካየህ ተመላሽ ነው፣ አንዴ ካየህ ተላኪ።

እኛ ለ፣ ሉ፣ ሊ ብለን ነው ያደግነው። አካሉ ያው ነው፣ የሚለወጠው ቅጥያው። ዓይናችን ቅጥያውን መፈለግ ለምዷል። እዚህ ግን ሺንኞው አይለወጥም፤ መንገድ ማለት ነው፣ በቃ። መንገዱ ላይ ማን እንዳለ እይ። ጭራዋ አጭር ወፍ ካለች «ሱሱሙ»፣ ወደ ፊት መሄድ። ሠራዊት ካለ «ሃኮቡ»፣ ማጓጓዝ። ስትጽፍም ሺንኞውን መጨረሻ ላይ ጻፈው፤ ሥርዓቱም እንደዚያ ነው። እኔ በቀን ሦስት ብቻ፣ እያንዳንዱን ሃያ ጊዜ በእጄ ጽፌ ነው የያዝኩት።

ቶማሬ፦
ሺንኞ የሌላቸውንም አትርሳ። «አሩኩ»፣ መራመድ፣ ከላይ «መቆም» አለበት። እንዴት መራመድ ውስጥ መቆም ይገባል ብዬ ብዙ ግራ ገብቶኝ ነበር። ለካ ያ «መቆም» ጥንት የእግር ሥዕል ነው! መንገድ ዳር በቀዩ የተገለበጠ ሦስት ማዕዘን የ«ቁም» ምልክት ላይ የምታየው ያው እሱ ነው። «ኡጎኩ»፣ መንቀሳቀስ፣ «ከባድ» እና «ኃይል» ጎን ለጎን ናቸው። በስተግራ ሰው ስትጨምርበት «ሃታራኩ»፣ መሥራት ይሆናል። ይህንን ጃፓኖች ራሳቸው የፈጠሩት ነው። ካርቶን ለሚሸከም ሰው ከዚህ የቀረበ ካንጂ የለም።

የማታ ፈረቃ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለቴ ሺንኞ መሆኑን እስከ ዛሬ አላስተዋልኩም። ዛሬ አራት ሰዓት እገባለሁ፤ «ሄን»ን መዳፌ ላይ ጽፌያታለሁ።