ለሀበሻ ልብስ ሱቃችን ድረ ገጽ ልናሠራ ነው፤ ሼርድ ሆስቲንግ ይበቃናል?

የሽሮ ሜዳዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሽሮ ሜዳ የሀበሻ ልብስ ሱቅ አለን። እናቴ ከሸማኔዎቹና ከጥልፍ ሠሪዎቹ ጋር ትሠራለች፤ እኔ ሽያጩንና የቴሌግራም ቻናሉን ይዣለሁ። እስካሁን ቻናሉ በቂ ነበር። አሁን ግን ከአሜሪካና ከጀርመን የሚጠይቁን በዝተዋል። «ሊንክ ላኪልኝ፣ ለሚዜዎቼም ላሳያቸው» ይሉኛል። ቻናል ውስጥ ደግሞ የከረመ ፖስት ፈልጎ ማግኘት ጣጣ ነው። አንዷ ያየችውን ጥለት ስክሪንሾት አድርጋ ትልክልኛለች፤ የትኛው እንደሆነ፣ ዋጋው ስንት እንደነበር ለማወቅ ወደ ኋላ ስፈልግ ይመሻል።

አንድ ልጅ ዋጋ ሰጥቶናል። ዶሜይን (የድረ ገጹ አድራሻ)፣ ሆስቲንግ (ድረ ገጹ የሚቀመጥበት የኪራይ ቦታ) እና ዲዛይን ተጠቃሎ 60 ሺህ ብር። ሆስቲንጉ «አንሊሚትድ» ነው፣ ለሦስት ዓመት ይቆያል ብሏል። ዶሜይኑን በራሱ አካውንት ሊገዛው ነው፤ «እናንተን እንዳያስቸግራችሁ» ነው ምክንያቱ። ልጁ ጨዋ ነው። የሠራቸውንም አይቻለሁ፣ ያምራሉ። ግን እዚሁ ሰፈር አንድ ሱቅ አለ፤ ድረ ገጹን የሠራለት ሰው ስልክ ማንሳት ካቆመ ቆይቷል። ዛሬ አድራሻው ሲከፈት የቁማር ማስታወቂያ ነው የሚመጣው። ፌስታላቸው ላይ ግን አሁንም ያው አድራሻ ታትሞ ይታያል። ይሄ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

የሚኖረን ነገር ይሄ ነው፦ ወደ 80 የሚጠጋ ልብስ፣ ለእያንዳንዱ አምስት ፎቶ፣ ዋጋ፣ የልክ ሰንጠረዥ፣ ማዘዣ ቅጽ። ክፍያ ለጊዜው ድረ ገጹ ላይ አይኖርም። በአማርኛም በእንግሊዝኛም እንዲሆን እንፈልጋለን። የዶላር ካርድ የለንም።

ሼርድ ሆስቲንግ ይበቃናል? ሰርቨሩስ፣ ድረ ገጹ የሚቀመጥበት ኮምፒዩተር፣ እዚህ ይሁን ወይስ ውጭ? ከልጁ ጋር ከመፈራረማችን በፊት ምን ልጠይቀው?

ሰርቨር ጠባቂ፦

እህቴ፣ እንኳን ሳትፈራረሙ ጠየቅሽ። የትናንሽ ሱቆችንና የክሊኒኮችን ድረ ገጽ ማስተዳደር እንጀራዬ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

መጀመሪያ ዶሜይኑ። ሆስቲንግ ነገ ይቀየራል። ዲዛይንም ፈርሶ ይሠራል። ዶሜይን ግን ስማችሁ ነው። ፌስታሉ ላይ፣ ካርዱ ላይ፣ ቲክቶኩ ላይ የሚጻፈው እሱ ነው። በልጁ አካውንትና በልጁ ስም ከተገዛ መዝገቡ ላይ ባለቤቱ ልጁ ነው። ጨዋነቱን አልጠራጠርም፤ ግን ጨዋ ሰውም ይታመማል፣ አገር ይለቃል፣ ኢሜይሉ ይዘጋበታል። የእድሳት ማስታወቂያው ደግሞ የሚመጣው በእሱ ኢሜይል ነው።

ዶት ኮም ጊዜው ሲያልፍ ወዲያው አይጠፋም። ብዙ ሻጮች ጥቂት ሳምንት ይታገሣሉ፤ ከዚያ በኋላም ጠንከር ያለ ተጨማሪ ክፍያ ከፍሎ ለማስመለስ 30 ቀን አለ። ያም ካለፈ ስሙ ለፈለገው ክፍት ነው። ጎብኚ የነበረው አሮጌ ስም እስኪለቀቅ ጠብቀው የሚያነሱ ሰዎች አሉ፤ ጎረቤታችሁ ላይ የደረሰው ይሄው ይመስለኛል። ስለዚህ አካውንቱን በራስሽ ኢሜይል ክፈቺ። የባለቤት ስም የሚለው ላይ ያንቺ ወይም የእናትሽ ስም ይግባ። ልጁ ሥራውን እስኪጨርስ መግቢያ ስጪው፣ ሲጨርስ የይለፍ ቃሉን ቀይሪ። ዶት ኢቲ የምትፈልጉ ከሆነ የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው፤ ደንበኞቻችሁ ውጭ ስለሆኑ ግን እኔ ብሆን ዶት ኮሙን ነው የማስቀድመው።

ወደ ሆስቲንጉ። ሼርድ ይበቃችኋል፣ ይተርፋችኋልም። ሼርድ ማለት አንድ ሰርቨር ከሌሎች ድረ ገጾች ጋር መጋራት ነው፤ አንድ ግቢ ተከራይቶ አንድ ቆጣሪ እንደ መጋራት በይው፤ ጎረቤት ምጣድ ሲጥድ ያንቺም አምፖል ይደክማል። ለዚህ ነው ጥሩ ኩባንያዎች ለእያንዳንዱ ተከራይ የሲፒዩና የሜሞሪ ጣሪያ የሚያስቀምጡት። «አንሊሚትድ» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ የዲስክ ቦታውና ትራፊኩ ነው። እናንተን የሚያጥራችሁ ግን ቦታ አይደለም። 80 ልብስ በአምስት ፎቶ 400 ፎቶ ነው። ዎርድፕረስ፣ ድረ ገጹ የሚሠራበት ፕሮግራም፣ እያንዳንዱን በተለያየ መጠን ስለሚያባዛው ከ3 ሺህ በላይ ፋይል ይሆናል። እንደዚያም ሆኖ ፎቶዎቹ ቀድመው ከተቀነሱ ከ1 ጊጋባይት አያልፍም።

የሚያጥራችሁ በአንድ ጊዜ የሚገባው ሰው ነው። ለፋሲካ ሰሞን አንድ የቲክቶክ ቪዲዮ ቢነሣላችሁና ሰው በአንዴ ቢጎርፍ፣ ርካሹ ፓኬጅ «508» የሚል ቁጥር አውጥቶ ይዘጋል። የተመደበላችሁን ጣሪያ ነካችሁ ማለት ነው። የዓመቱ ዋና ገበያ ደግሞ ያኔ ነው! ስለዚህ ልጁን «ሜሞሪው ስንት ነው? በአንድ ጊዜ ስንት ጥያቄ ያስተናግዳል?» ብለሽ ጠይቂው። ቢያንስ 1 ጊጋባይት ሜሞሪ ይኑረው። ሰርቨሩ ላይትስፒድ በሚባለው ሶፍትዌር የሚሠራ ከሆነ የራሱ ነፃ የካሽ ፕለጊን (ተጨማሪ ፕሮግራም) ይጫንበት፤ ገጹን ለእያንዳንዱ ጎብኚ እንደ አዲስ ከመሥራት ይድናል። ፒኤችፒውም፣ ዎርድፕረስ የተጻፈበት ቋንቋ፣ አሁንም የደኅንነት ጥገና የሚደረግለት ስሪት ይሁን። 7.4 እንደ ፈረንጆቹ ከኅዳር 2022 ጀምሮ የደኅንነት ጥገና አይደረግለትም፣ ዛሬም ግን እሱን የሚያስኬዱ አሉ።

ዋጋው ላይ ቆም በይ። ማስታወቂያው ለምሳሌ «በወር 2.99 ዶላር» ይላል። ያ ዋጋ የሚገኘው ግን የ36 ወሩን በአንዴ ስትከፍሉ ነው፤ 107 ዶላር ከ64 ሳንቲም። ሦስት ዓመቱ ሲያልቅ እድሳቱ በወር 10.99 ቢሆን፣ የአንድ ዓመቱ ብቻ ወደ 132 ዶላር ነው። ከመጀመሪያው ሦስት ዓመት ይበልጣል። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ ያው ዶላር በብር ሲሰላ ስንት እጥፍ እንደሆነ አይተሻል። የእድሳቱ ዋጋ በጽሑፍ ይሰጥሽ። ሦስት ዓመት በአንዴ አትክፈሉ፤ አንድ ዓመት ሞክሩት።

የዶላር ካርድ ከሌለ ሁለት መንገድ አለ። በብር ተቀብለው የሚሸጡ የአገር ውስጥ ሻጮች አሉ፤ ብዙዎቹ ሰርቨሩን ከውጭ ተከራይተው ነው የሚያከፋፍሉት፣ ችግር የለውም። ወይም ውጭ ያለ ዘመድ በካርዱ ይክፈል። በሁለቱም መንገድ አካውንቱና ኢሜይሉ ያንቺ ይሁን። በዘመድ ካርድ ከሆነ ካርዱ ሲቀየር አውቶማቲክ እድሳቱ ይቋረጣል፤ ስልክሽ ላይ ማስታወሻ ያዢ።

ሰርቨሩ አውሮፓ ይሁን። ጀርመን ላሉት ደጃቸው ነው፣ አሜሪካ ላሉትም አያርቅም፣ ከዚህ ስትከፍቺውም አሜሪካ ካለው ይፈጥናል። የክላውድፍሌርን ነፃ አገልግሎት ከፊቱ ብታደርጉበት ፎቶዎቹን ለደንበኛው ከሚቀርበው ቦታ ያቀርብላችኋል። ኤስኤስኤል፣ የድረ ገጹን ግንኙነት የሚያመሰጥረው፣ ሌትስ ኢንክሪፕት ከሚባለው አገልግሎት በነፃ ይገኛል። ለእሱ ለብቻው ካስከፈላችሁ ለምን ብለሽ ጠይቂ።

ባክአፕን አትርሺ። ሆስቲንጉ «በየቀኑ እንይዛለን» ቢልም ቅጂው እዚያው ሰርቨር ላይ ከተቀመጠ ሰርቨሩ ሲበላሽ አብሮ ይሄዳል። አፕድራፍትፕላስ የሚባለው ፕለጊን በየሳምንቱ ወደ ጉግል ድራይቭሽ ይላክልሽ። አንዴም ልጁ ፊትሽ መልሶ ይጫነው፤ ተመልሶ መሥራቱን በዓይንሽ ያላየሽውን ቅጂ አትመኚው።

የሲልቨር ስፕሪንግ እናት፦

የኔ ልጅ፣ ስለ ሰርቨሩ ወንድማችን ብሎልሻል። እኔ ገዢ ነኝ፤ ከሜሪላንድ። ለልጄ ሠርግ ልብስ ስንፈልግ የከረምንበትን ልንገርሽ።

ብዙዎቹ ገጾች ላይ ቆንጆ ሞዴል አለች፤ ጥለቱ ግን አይታይም። እኔ ልገዛ የምፈልገው ጥለቱን ነው! ከአምስቱ ፎቶ አንዱ የጥለቱ የቅርብ ፎቶ ይሁን፤ ክሩ እስኪቆጠር ድረስ። አንዱ የጀርባው ይሁን። አንዱ ደግሞ በቀን ብርሃን፣ ውጭ የተነሣ። የሱቅ መብራት ነጩን መነን ቢጫ ያስመስለዋል፤ ጨርቁ ሲደርስ «ያዘዝኩት ይሄ ነው?» ያሰኛል።

ልኩን በኢንችም በሴንቲሜትርም ጻፊው። እዚህ ያሉት ልጆቻችን ሴንቲሜትር አያውቁም። ደግሞ የት ላይ እንደሚለካ በፎቶ አሳዪ፤ ደረት፣ ወገብ፣ ከትከሻ እስከ እግር። ሠርግ ያለበት ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «መቼ ይደርሳል?» ነው። ለመሸመን ስንት ሳምንት፣ ለመላክ ስንት ቀን፣ ለየብቻው ይቀመጥ። ዋትሳፕ ቁጥራችሁም እያንዳንዱ ገጽ ላይ ይኑር፤ እኛ እዚህ ቴሌግራም ብዙም አንጠቀምም።

እናትሽ ከሸማኔው ጋር ቁጭ ብላ ጥለት ስትመርጥ የሚያሳይ ፎቶም አድርጊበት። እኔን የሚያሳምነኝ እሱ ነው።

ፊደል ቆጣሪ፦

አማርኛውን በተመለከተ ሦስት ነገር፣ ሌላው ስለማይነግርሽ።

የገጹን አድራሻ በአማርኛ ፊደል አታድርጊው። ርእሱ ይሁን፣ ሊንኩ ግን በላቲን ፊደል። አንድ የአማርኛ ፊደል ሊንክ ውስጥ ሲገባ የፐርሰንት ምልክት የበዛበት ዘጠኝ ምልክት ይሆናል። «የሀበሻ ቀሚስ» ሰባት ፊደል ናት፤ ሊንኩ ላይ 63 ምልክት ትሆናለች፣ የክፍተቱ ሰረዝ ሳይቆጠር። ዎርድፕረስ ደግሞ ከ200 ምልክት በላይ አይዝም፤ ረዘም ያለ የአማርኛ ርእስ 22ኛው ፊደል አካባቢ ይቆረጣል። ኮፒ አድርጎ ለሚልከው ደንበኛ የተበላሸ ሊንክ ነው የሚመስለው።

የድረ ገጹ መፈለጊያ «ሀበሻ»፣ «ሐበሻ» እና «ሃበሻ»ን ሦስት የተለያየ ቃል አድርጎ ነው የሚያያቸው። «ጸሐይ ቀለም» እና «ፀሐይ ቀለም»ም እንደዚሁ። ሰው ደግሞ እንደ ለመደው ነው የሚጽፈው። በየልብሱ መግለጫ ግርጌ ሁሉንም አጻጻፍ አስገቢ። በእንግሊዝኛው በኩልም ነጠላን ሰው በተለያየ ስፔሊንግ ይጽፈዋል፤ ሁሉንም ጨምሪ።

የጽሑፍ ቅርጹ ላይ ዲዛይነሮች ከባድ ፎንት መጫን ይወዳሉ። ስልኮቹና ኮምፒዩተሮቹ ላይ አማርኛ ድሮውኑ አለ፤ አይፎን ላይ ኬፋ፣ ዊንዶውስ ላይ ኤብሪማ። የግድ አንድ ዓይነት መልክ ይኑረው ካላችሁ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ነፃ ነው። አንዱን ውፍረት ብቻ ጫኑ፤ ሁሉንም ውፍረት ከጫናችሁ በሞባይል ዳታ የምትገባ ደንበኛ ፊደሉ እስኪመጣ ትጠብቃለች።

የሽሮ ሜዳዋ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። እማዬ፣ የጥለቱን ነገር ለእናቴ አነበብኩላት፤ «ይቺ ሴት ልብስ ታውቃለች» አለች። ቀኑ ብርሃን ሲሆን ደጅ አውጥተን ልናነሣ ነው።

ልጁን አነጋገርኩት፣ አልተቆጣም። በስማችን ይሁን ብሏል። ችግሩ ዶሜይኑን ቀድሞ ገዝቶታል፤ ገና በዚህ ሳምንት፣ በራሱ አካውንት። አሁን ወደ እኔ ለማዛወር ኮድ ልላክልሽ አለኝ፤ ሞክሮት ግን ሲስተሙ እንቢ አለው። እውነቱን ነው? ሌላው ደግሞ ማዘዣ ቅጹን ስሞክረው የተላከው መልእክት ጂሜይሌ ውስጥ አልገባም።

ሰርቨር ጠባቂ፦

እውነቱን ነው። አዲስ የተገዛ ዶሜይን አብዛኛውን ጊዜ ለ60 ቀን ወደ ሌላ ኩባንያ አይዛወርም፤ የዶሜይን ስሞችን በዓለም ደረጃ የሚያስተባብረው የአይካን ደንብ ለሻጮቹ ይሄን ይፈቅዳል። ግን እስከዚያ መጠበቅ የለባችሁም። እሱ በገዛበት ኩባንያ አንቺም የራስሽን አካውንት ክፈቺ። ነፃ ነው። ከእሱ አካውንት ወደ አንቺ አካውንት እዚያው ውስጥ ያሻግረው፤ ኮድ አያስፈልገውም፣ አብዛኛዎቹ ኩባንያዎች ጋር በሰዓታት ውስጥ ያልቃል። ከተሻገረ በኋላ ገብተሽ ሦስት ነገር ተመልከቺ፦ የባለቤቱ ስምና ኢሜይል ያንቺ መሆኑን፣ ዶሜይኑ ያለ ፈቃድሽ እንዳይዛወር የሚከለክለው መቆለፊያ መብራቱን፣ ባለ ሁለት ደረጃ መግቢያው በስልክሽ መሠራቱን። ለልጁ የቀረውን የመጨረሻ ክፍያ ይሄን ካየሽ በኋላ ስጪው። እምቢ የሚል አይመስለኝም።

የቅጹ ነገር የተለመደ ነው። ዎርድፕረስ ብቻውን ሲተው ደብዳቤውን በራሱ በሰርቨሩ በኩል ይልካል፤ ያ ሰርቨር ደግሞ የጋራ ነው፣ ከጎረቤቶቹ አንዱ ስፓም ሲልክ የሁላችሁም ስም ይጠፋል። ጉግል እንደ ፈረንጆቹ ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ላኪው ኤስፒኤፍ ወይም ዲኪም፣ ደብዳቤው በእርግጥ ከዶሜይኑ መምጣቱን የሚያረጋግጥ መዝገብ፣ እንዲኖረው ያስገድዳል። ሲፓናል፣ የሆስቲንጉ መቆጣጠሪያ፣ ውስጥ «ኢሜይል ዴሊቨረቢሊቲ» የሚል ገጽ አለ፤ ልጁ ሁለቱንም ያብራልሽ። ዶሜይኑን ክላውድፍሌር ላይ ካደረጋችሁት የሁለቱ መዝገብ የሚገባው እዚያ ነው፣ ሲፓናሉ ላይ ብቻ አረንጓዴ ቢያሳይ አይበቃም። ከዚያ የኤስኤምቲፒ ፕለጊን ጭኖ ቅጹ በተመዘገበ የኢሜይል አካውንት እንዲልክ ያድርግ።

ሲጨርስ ቅጹን ራስሽ ሙዪው። ወደ ጂሜይል አንድ፣ ወደ ያሁ አንድ። ስፓም ውስጥም ተመልከቺ። ለማንኛውም ትእዛዞቹ ዎርድፕረሱ ውስጥም እንዲቀመጡ ያድርግልሽ፤ ኢሜይሉ አንድ ቀን ቢጠፋ እንኳ የደንበኛዋ ስልክና ልክ እዚያ ይገኛል።