በገናዬ መንዘር አቆመ፤ «የሃርፕ አውታር» ተብሎ የተላከልኝን ምን ላድርገው?

ጠያቂ፦ ጉባኤው ዛሬ ማታ ነውና እባካችሁ ፈጥናችሁ እርዱኝ። የበገናዬ አንድ አውታር ተበጠሰ። ከውጭ «የሃርፕ አውታር» ተብሎ የተላከልኝን ናይለን ባስርበት ድምፁ ጥርት ብሎ ይወጣል እንጂ እንደ ሌሎቹ አይነዝርም።

የዜማ መሣሪያ ወዳጅ፦ በቅድሚያ ስሙ ይለይ። ፈረንጆች «ሃርፕ» የሚሉት 47 አውታርና 7 መርገጫ ያለውን የኦርኬስትራ መሣሪያ ነው፤ የብሉዝ ተጫዋቾች ግን በአፍ የሚነፋውን ሃርሞኒካ በዚሁ ስም ይጠሩታል። በገና በመሣሪያ ጥናት ከክራር ጋር የሚመደበው ከላይር ወገን ነው፤ ላይር ማለት አውታሮቹ ከድምፅ ሳጥኑ ተነሥተው ሁለት ቋሚዎችን በሚያገናኝ አግዳሚ እንጨት ላይ የሚታሰሩበት መሣሪያ ነው፤ የበገና አውታሮች በብርኩማው (አውታሮቹን በሚደግፈው ድልድይ) ላይ አልፈው የድምፅ ሳጥኑን ከሸፈነው ቆዳ ትይዩ ወደ ቀንበሩ፣ ማለትም ወደ ላይኛው አግዳሚ እንጨት፣ ይዘረጋሉ፤ የሃርፕ አውታሮች ግን ከድምፅ ሳጥኑ ሽቅብ ይነሣሉ። ስለዚህ በዚያ ስም የሚሸጥ አውታር ለበገና ተብሎ የተሠራ አይደለም።

መልስ ሰጪ፦ አጥብቀው ይቃኙት።

የዳዊት ደጋሚ፦ በዚህ አመዳደብ አልስማማም። መጽሐፍ ቅዱሳችን አሥር አውታር ባለው በገና ዘምሩ ይለናል፤ አባቶችም አሥሩን አውታር በአሥርቱ ትእዛዛት ይመስሏቸዋል። ስሙ ይህን ሁሉ ይዞ ሳለ ከየትኛው የውጭ መሣሪያ ጋር ይመደባል ብሎ መጨነቅ አያስፈልግም።

መልስ ሰጪ፦ ደግሜ እላለሁ፤ ይጥበቅ።

ደርዳሪ፦ ማጥበቅ ቃናውን ከፍ ያደርገዋል እንጂ ንዝረት አይሰጠውም። ንዝረቱ የሚመጣው በአውታሩና በብርኩማው መካከል ከምትገባው ቁራጭ ቆዳ፣ ከዕንዚራ ነው። አዲሱ አውታር ውፍረቱ ስለሚለይ የቀድሞው አቀማመጥ አይስማማውም፤ እየደረደሩ ዕንዚራዋን በጥቂት በጥቂቱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ቢያንቀሳቅሷት የሚነዝርበትን ቦታ ያገኙታል። ደግሞስ የተበጠሰው ስንተኛው ነው? ብዙዎች የሚደረድሩት ከግራ ሲቆጠር 1ኛውን፣ 3ኛውን፣ 4ኛውን፣ 6ኛውን፣ 8ኛውንና 10ኛውን ብቻ ነው፤ የቀሩት የጣት ማረፊያ ናቸው። እንደ ታዋቂው የበገና ደርዳሪ እንደ መምህር ዓለሙ አጋ በአሥሩም የሚደረድሩ ካልሆነና የተበጠሰው ከማረፊያዎቹ አንዱ ከሆነ፣ ናይለኑ ባይነዝርም ለዛሬ ይበቃዎታል።

ጠያቂ፦ 7ኛው ነው፤ የምደረድረውም በስድስቱ ነው።

ደርዳሪ፦ እንግዲያው እንደታሰረ ይተዉትና ስድስቱን ይቃኙ። ከጉባኤው በኋላ ግን የበግ አንጀት አውታር ይፈልጉ፤ ለበገና የሚገባው እርሱ ነው።

መልስ ሰጪ፦ ቢሆንም ትንሽ ይጥበቅ።