ፈረንሳይ ገጠር በሳይክል፦ ጭር ያለ መንገድ ለምትፈልጉ ጥቆማ

ከፍራንክፈርት "እኔና ባለቤቴ አንድ ሳምንት ፈረንሳይ ገጠር በሳይክል መዞር አስበናል። መኪና በጣም እፈራለሁ። የጠየቅኩት ሁሉ ሎዋር ሂዱ ይለኛል፣ እውነት ነው?" ብላ ለጠየቀችን እህት የምመልሰው ነው። ተመሳሳይ ጥያቄ ሌሎቻችሁም ስላላችሁ ትንሽ ዘርዘር አድርጌዋለሁ።

በመጀመሪያ መኪና የማይገባበት መንገድ ሁሉ ጭር ያለ አይደለም። ሎዋር ወንዝ ዳር በጁላይና በኦገስት መኪና ላታዩ ትችላላችሁ፤ ግን ጋሪ የሚጎትት አባት፣ የኤሌክትሪክ ሳይክል የያዙ ጡረተኞች፣ ውሻ፣ ፎቶ ለማንሳት መሀል መንገድ ላይ የቆመ ሰው፣ ምኑ ቅጡ። ምልክት እንኳ ያልተተከለበት የገጠር አስፋልት ላይ ግን ረፋዱን ሙሉ አንድ ትራክተርና የፖስታ ቤቱ ቢጫ መኪና ብቻ ሊያጋጥማችሁ ይችላል። ስለዚህ የቱን እንደፈራችሁ ለዩ፦ መኪናውን ነው ወይስ ግርግሩን?

መኪናውን ብቻ ከሆነ ሎዋር መጥፎ ምክር አይደለም። ኔቨር አጠገብ ካለችው ኩፊ ተነስቶ አትላንቲክ ዳር ሴንት ብረቨን ድረስ 900 ኪ.ሜ ያህል ነው፤ ምልክቱ አይጠፋም፣ ዳገት የለውም ማለት ይቻላል። አገልግሎቱም ከሌላው ሁሉ ይበልጣል። "ዴቱር ደ ሎዋር" የሚባለው ድርጅት ሳይክል ከአንዱ ከተማ ተከራይታችሁ በሌላው እንድትመልሱ ያደርጋል፤ ከጀርመን ሳይክል ተሸክሞ ለመምጣት ለማትፈልጉ ይህ ትልቅ እረፍት ነው። ማረፊያ ስትፈልጉ "አክዩል ቬሎ" የሚል ምልክት ያለበትን ምረጡ፤ ምልክት ከተደረገበት የሳይክል መንገድ በ5 ኪ.ሜ ውስጥ የሚገኝ፣ ሳይክል የሚቆለፍበት ቦታና የመጠገኛ ዕቃ ያለው ማለት ነው። ነፋሱ በብዛት ከምዕራብ ስለሚነፍስ ከባሕሩ ወደ ላይ ብትጓዙ ጀርባችሁን ይገፋችኋል። ሕዝቡ የሚግተለተለው ቤተ መንግሥቶቹ በሚበዙበት ከብሏ እስከ ሶሚር ባለው ክፍል ነው። ከኦርሌአን በስተ ምሥራቅ፣ በሱሊና በብሪያር በኩል፣ ያው ወንዝ ሆኖ ሰዉ ይቀንሳል። ብሪያር ላይ በ1896 የተከፈተ 662 ሜትር የሚረዝም ድልድይ አለ፤ ከላዩ የሚያልፈው መኪና ሳይሆን ጀልባ ነው። ሎዋርን ከላዩ ቦይ ተሻግሮት ሲሄድ ማየት ለብቻው ጉዞ ያስመኛል።

ለእናንተ ግን የምመርጠው የኒቬርኔ ቦይን ነው። ከኦሴር እስከ ደሲዝ 175 ኪ.ሜ ገደማ ነው፣ ቡርጎኝ ውስጥ። ቦዩ የተቆፈረው የሞርቫን ተራራ እንጨት ፓሪስን እንዲያሞቅ ነበር፤ ዛሬ የቀሩት የሽርሽር ጀልባዎች ናቸው፣ እነሱም ከእግረኛ ብዙ አይፈጥኑም። ከኦሴር እስከ ክላምሲ ዮን ወንዝን ተከትሎ ሜዳ ነው። መንገድ ላይ ሶሷ የሚባለውን ነጭ የድንጋይ ገደል ታልፋላችሁ፤ ገመድ ታጥቀው የሚወጡትን እያያችሁ ምሳ መብላት ይቻላል። ክላምሲ ላይ ደግሞ ለእኛ ሰው የሚገርም ታሪክ አለ። የቤተልሔም ጳጳሳት ከቅድስት አገር ከተሰደዱ በኋላ መንበራቸውን እዚህች ትንሽ ከተማ አድርገው እስከ ፈረንሳይ አብዮት ድረስ ቆይተዋል። ድልድዩም ሰፈሩም ዛሬም ቤተልሔም ነው የሚባለው። ከቦዩ ወጣ ብሎ ቬዝሌ አለ፤ ኮረብታ ላይ የተሠራ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ዳገቱ ግን ያስቃስታል።

ከክላምሲ በኋላ ነው ቦዩ የሚያምረው። ሳርዲ ላይ 16 የውሃ በሮች እንደ ደረጃ ተከታትለው ይወጣሉ፤ በየበሩ ዳር የጠባቂው ቤት አለ። ጀልባ ሲገባ ቆማችሁ እዩ፦ በሩ ከኋላ ይዘጋል፣ ውሃው ከላይ እየተለቀቀ ጀልባውን ቀስ አድርጎ ያነሳዋል፣ ከዚያ የፊተኛው በር ይከፈታል። ማንም አይቸኩልም። ላ ኮላንሴል አካባቢ ቦዩ ዋሻ ውስጥ ስለሚገባ ሳይክል ለጥቂት ጊዜ የገጠር አስፋልት ይይዛል፤ አትደንግጡ፣ መኪና ብዙም የለበትም። መሬቱ ግን ሁሉም አስፋልት አይደለም፣ የተጠቀጠቀ ጠጠር አለው። ቀጭን የውድድር ጎማ ይዛችሁ አትምጡ፣ 35 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይሁን።

ባቡሩም ይመቻል። ከፓሪስ በርሲ ጣቢያ የክልል ባቡር ወደ ኦሴር ይወስዳችኋል። መጨረሻ ላይ ከደሲዝ ወደ ኔቨር ትወጡና ከኔቨር ተመልሳችሁ በርሲ ትወርዳላችሁ። ከኔቨር የሚመለሰው አንቴርሲቴ የሚባለው የረጅም ርቀት ባቡር ለሳይክል ቦታ ቀድሞ ማስያዝ ይጠይቃል፤ መንጠቆዎቹ ጥቂት ስለሆኑ ቀናችሁን እንደቆረጣችሁ ግዙ።

ሳምንት ሙሉ ከሌላችሁ እዚያው ቡርጎኝ ውስጥ ከጂቭሪ እስከ ክሊኒ ያለው 44 ኪ.ሜ ይበቃል። የባቡር ሐዲዱ ተነቅሎ በ1997 የተከፈተ፣ በፈረንሳይ የመጀመሪያው "ቯ ቬርት" (መኪና የማይገባበት አረንጓዴ መንገድ) ነው። አስፋልቱ ለስላሳ ነው፣ ልጅ ላለው ሰው ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ከክሊኒ ወደ ማኮን ስትቀጥሉ 1.6 ኪ.ሜ የሚሆን ዋሻ አለ፤ በጋ ላይ እንኳ ይቀዘቅዛል፣ ጃኬት ከሻንጣ አውጡ። ክረምት ላይ ለሌሊት ወፎቹ ሲባል ይዘጋል።

ስለ ሚዲ ቦይም መጠየቃችሁ አይቀርም፣ ፎቶው ሁሉ ቦታ አለና። ከቦርዶ እስከ ቱሉዝ በጋሮን ቦይ በኩል የሚሄደው የሳይክል መንገድ ጥሩ አስፋልት ነው፣ ሂዱ። ከቱሉዝ በስተ ምሥራቅ ያለው ሚዲም ለመጀመሪያው ክፍል ደህና ነው። ከዚያ ወዲያ ግን ቦታ ቦታው ላይ የዛፍ ሥር መንገዱን ሰንጥቆታል፣ እጅ ያደነዝዛል። ጥላ የነበሩት የፕላታን ዛፎችም በበሽታ ምክንያት በአሥር ሺዎች ተቆርጠዋል፤ ኦገስት ላይ ያለ ጥላ ላንጉዶክን ማቋረጥ ምን እንደሚመስል ገምቱት። ታሪኩን ከወደዳችሁ በጀልባ ተሳፈሩ።

አሁን ግርግሩን ለምትፈሩት። ከሰሜን ምሥራቅ ከመዝ ተነስቶ እስከ ደቡብ ምዕራብ ላንድ የሚዘረጋ ሰው የሳሳበት አካባቢ አለ፤ ፈረንሳዮቹ ራሳቸው "ባዶው ሰያፍ" ይሉታል። ቢኒያም ግርማይ በ2024 ቱር ደ ፍራንስ ስምንተኛውን ቀን ያሸነፈበት ኮሎምቤ ሌ ዶዜግሊዝ እዚያው ውስጥ ናት። የቱሩ ዕለት የታየው ሕዝብ እንዳያታልላችሁ። ይህን አገር ለመንዳት የሳይክል ምልክት አያስፈልግም፣ ካርታ ማንበብ እንጂ። የሚሽላን የወረቀት ካርታ ላይ ቀዩን መንገድ ተዉት፣ ቢጫውን ለመሻገር ብቻ ተጠቀሙበት፣ ነጩን ያዙ። ከጎኑ አረንጓዴ መስመር ካለው እይታው ያምራል ማለት ነው። "ዲ" (የአውራጃ መንገድ) የሚል ቁጥር ሁሉ ትንሽ መንገድ አይምሰላችሁ። መንግሥት የድሮ ብሔራዊ መንገዶችን ለአውራጃዎች ሲያስረክብ ስማቸው ብቻ ተቀየረ፤ ማኮን በኩል ያለው ዲ906 የድሮው ኤን6 ነው፣ ቱሉዝ በኩል ያለው ዲ820 ደግሞ ኤን20 ነበር። የጭነት መኪና አሁንም አይጠፋባቸውም። በ8 ወይም በ9 የሚጀምር ባለ ሦስት አሃዝ ዲ ስታዩ ጠርጥሩ። ኮሙት የሚባለውን የስልክ መንገድ መሪ የምትጠቀሙ ከሆነ የመንገድ ሳይክል የሚለውን ምረጡ፣ ከዚያ ያወጣላችሁን መስመር ከወረቀቱ ጋር አስተያዩት። ስልክ ብቻውን አቋራጭ ብሎ እርሻ ውስጥ ሊከታችሁ ይችላል።

ከነዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ አንዱን ልምረጥ ካላችሁ በደቡብ ምዕራብ ካለችው ፊጃክ ከተማ በሴሌ ወንዝ ሸለቆ የሚወርደው ዲ41 ነው። ከሎት ወንዝ ጋር እስኪገናኝ ወደ 50 ኪ.ሜ ነው፤ ገደል ሥር የተለጠፉ መንደሮች፣ ማርሲያክ፣ ካብሬሬ። በበጋ ታንኳ የሚከራዩ ሰዎች መኪና ስላላቸው በጠዋት ተነሱ። ፊጃክም ካኦርም ባቡር አላቸው። ዝነኛዋ ሴን ሲር ላፖፒ በአቅራቢያው ናት፤ ከቀትር በኋላ ብትደርሱ ግን መርካቶ ትመስላችኋለች።

ሕጉን በአጭሩ፦ ከመንደር ውጭ የሚቀድማችሁ መኪና 1.5 ሜትር መራቅ አለበት፣ አብዛኛውም ያከብራል። ጎን ለጎን መንዳት ይፈቀዳል፤ መኪና ሊያልፍ ሲል ግን አንዱ ከሌላው ኋላ ይሁን። ሲጨልም ወይም ጭጋግ ሲሆን ከከተማ ውጭ አንጸባራቂ ሰደርያ ግዴታ ነው። ጆሮ ላይ ማዳመጫ አይፈቀድም። መንደር ውስጥ ምልክት ከሌለ ከቀኝ ለሚመጣ ቅድሚያ ስጡ፣ ጠባብ ጓዳ ከምትመስል መንገድም ቢወጣ።

ምግብ ላይ ነው ሰው የሚቸገረው። ሱቁ ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ይዘጋል፣ እሑድ ከሰዓትና ሰኞ ደግሞ ዳቦ ቤት ማግኘት ዕድል ነው። ቅዳሜ ማታ ለሁለት ቀን ያዙ። ፍልሰታ ላይ የምትመጡ ከሆነ ገጠር ምግብ ቤት ውስጥ የጾም ብላችሁ ማስረዳት አድካሚ ነው፤ "ባጌት ደ ትራዲስዮን" ግን በ1993 በወጣው ደንብ መሠረት ዱቄት፣ ውሃ፣ ጨውና እርሾ ነው፣ ወተትም ቅቤም የለውም። ክሯሳን ቅቤ ነው፣ አትሞኙ። ከሱፐርማርኬት የታሸገ ምስርና ቲማቲም ጨምራችሁበት በደንብ ትጠግባላችሁ። ውሃ ሲያልቅ የመንደሩን መቃብር ፈልጉ። አበባ የሚያጠጡበት ቧንቧ ከበሩ አጠገብ ይኖራል፤ "ኖን ፖታብል" (የማይጠጣ) የሚል ካልተለጠፈበት የአገሩ ሳይክለኛ ሁሉ ጠርሙሱን የሚሞላው ከዚያ ነው።

ጊዜው ሜይ መጨረሻ፣ ጁን ወይም ሴፕቴምበር ይሁን። ሴፕቴምበር ላይ አደን ስለሚጀምር እሑድ ጫካ የምታቋርጡ ከሆነ ሰደርያዋን ቀንም ልበሱ። የራሳችሁን ሳይክል በቴዜቬ (በፈጣኑ ባቡር) የምታመጡ ከሆነ ጎማዎቹን ፈታታችሁ 130 በ90 ሳ.ሜ በማይበልጥ ከረጢት ክተቱት፣ እንደ ሻንጣ ያልፋል።