ባይንድ ልጫን ወይስ አንባውንድ? (140 ኮምፒውተር፣ አንድ ሰው)

የሐዋሳዋ
ሰላም ለዚህ ቤት። የምሠራው ሐዋሳ አንድ ኮሌጅ ውስጥ ነው። ሁለት ሕንፃ፣ 140 ገደማ ኮምፒውተር፣ የአይቲ ክፍሉ ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ። ሁሉም ማሽን የድረ ገጽ ስም ሲሰጠው አይፒ ቁጥሩን የሚጠይቀው 8.8.8.8ን፣ ማለትም የጉግልን ዲኤንኤስ ነው። ጣጣው ፋይበር ሲቆረጥ ይመጣል። የተማሪ መመዝገቢያው ሲስተም እዚሁ ታች ክፍል ነው ያለው። ስሙ የተመዘገበው ግን ውጭ ስለሆነ እሱም አብሮ ይጠፋል። ባለፈው የምዝገባ ቀን ተማሪው ተሰልፎ እኔ ከቢሮ ቢሮ እየሮጥኩ አይፒ ቁጥር በወረቀት ሳድል ዋልኩ። አንዷ ጸሐፊ ሞኒተሯ ላይ በፕላስተር ለጥፋዋለች።

የራሳችንን ዲኤንኤስ ልተክል ነው። ይህን ከሚሠሩት ፕሮግራሞች የተማርኩት ባይንድን ነው። አንድ ጓደኛዬ አንባውንድ ይላል፣ ሌላው ፓወርዲኤንኤስ። ያለኝ አንድ ራስፕቤሪ ፓይ 4 (መዳፍ የምታህል ኮምፒውተር) ነው። የቱ ይሻለኛል?

ገመድ ጎታች
እህቴ፣ መጀመሪያ ሥራውን ለዪ። ዲኤንኤስ ሁለት ሥራ ነው። አንዱ ስለራስሽ ስም ለሚጠይቅ ሁሉ መመለስ ነው። ሌላው ለቤትሽ ሰው ዞሮ ጠይቆ ማምጣት፣ ያመጣውንም ለጊዜው ማስታወስ ነው። ባይንድ ሁለቱንም ይሠራል። ፓወርዲኤንኤስ ለሁለቱ ሁለት ፕሮግራም አለው፤ ስሞቹን ማይኤስኪውኤል በሚባል ዳታቤዝ ውስጥ ማስቀመጥ ስለሚችል ብዙ ዶሜይን ለሚያስተዳድር ሰው ምቹ ነው። አንባውንድ ዋና ሥራው ጠይቆ ማምጣት ነው። ጥቂት የውስጥ ስሞችን ደግሞ "ሎካል ዳታ" በሚባል መስመር ይይዝልሻል።

ላንቺ አንባውንድ። ፋይበሩ ሲቆረጥ ዩቲዩብ አይከፈትም እንጂ ምዝገባው አይቆምም።

አሮጌ ሰርቨር
ባይንድን እንዲህ አትጣሉት። 9ኛው እትሙ እ.ኤ.አ. በ2000 ወጥቶ እስከ ዛሬ ይታደሳል። ባይንድን የምታውቅን ሰው ለምን ከዜሮ ታስጀምሯታላችሁ? የኮሌጁን ስም ለውጭ ጠያቂም ራስሽ ልትመልሺ ነው?

የሐዋሳዋ
አይ፣ ያ ያስመዘገብንበት ድርጅት ጋ ይቀጥላል። እኔ የምፈልገው 6 የውስጥ ስም ብቻ ነው።

አሮጌ ሰርቨር
እንግዲያ ተረታሁ። ለ6 ስም ዞን ፋይል (ባይንድ ስሞቹን የሚያነብበት ፋይል) መጻፍ ድካም ነው። እኔ ራሴ ስም መጨረሻ ላይ አንዲት ነጥብ ረስቼ ዶሜይኑ ሁለቴ እየተደገመ ግማሽ ቀን አቃጥያለሁ።

ግን ያቺን ፓይ ተጠንቀቂ። ፓይ 4 ሰዓት የሚይዝ ባትሪ የለውም። መብራት ሄዶ ሲመጣ ሰዓቱ ወደኋላ ይቀራል። የዲኤንኤስሴክ ፊርማ (መልሱ እንዳልተጭበረበረ የሚያረጋግጠው) ደግሞ የጊዜ ገደብ ስላለው አንባውንድ ትክክለኛውን መልስ ይጥለዋል። ሰዓት የሚያስተካክለው ፕሮግራም የሰዓት ሰርቨሩን ስም ሊፈልግ ወደ ማን ይሄዳል? ወደዚያው አንባውንድ! እኔ አንተን፣ አንተ እኔን እየተባባሉ ይቀመጣሉ። ስለዚህ የሰዓት ሰርቨሩን በአይፒ ስጪው። ወይም ባትሪ ያላት የሰዓት ሞጁል ግጠሚለት።

የሐዋሳዋ
ከሁለት ቀን በኋላ ተመለስኩ። አንባውንድ ተጭኗል። ፓዩ ላይ ሆኜ ስጠይቀው ይመልሳል። ከሌላ ማሽን ስጠይቀው ዝም! ፋየርዎሉን ሦስቴ አየሁት።

ገመድ ጎታች
ፋየርዎሉን ተይው። አንባውንድ ሲጫን የሚሰማው ራሱን ብቻ ነው። ማስተካከያ ፋይሉ ውስጥ "ኢንተርፌስ" የሚለው ላይ የፓዩን አይፒ ጻፊ። ከዚያ "አክሰስ ኮንትሮል" ላይ የኮሌጁን አድራሻዎች ፍቀጂ፣ ያለዚያ መስማቱን ይሰማል፣ መመለሱን እምቢ ይላል። ለዓለም ሁሉ ግን እንዳትከፍቺው። ክፍት ዲኤንኤስ ሌላ ሰው ላይ ለሚወረወር ጥቃት መሣሪያ ይሆናል።

አንድ ነገር ደግሞ። ዲኤችሲፒው (ለማሽኖቹ አድራሻ የሚያድለው) ላይ 8.8.8.8ን ሁለተኛ አድርገሽ አታስገቢ። አንዳንድ ማሽን ወደ ሁለተኛው ዘሎ እዚያው ይቀራል፣ ያኔ የውስጡን ስም "የለም" ይባላል። ሁለተኛ ከፈለግሽ ሌላ አንባውንድ ይሁን።

የሐዋሳዋ
ሠራ!! ዛሬ ጠዋት ሆን ብዬ የፋይበሩን ገመድ ነቀልኩት። መመዝገቢያው ተከፈተ። ሁለተኛውን ቤተ መጻሕፍት ጥግ አቧራ የጠጣ ዴስክቶፕ ላይ እጭነዋለሁ።

ጸሐፊዋን ወረቀቱን አሁን ማንሳት ትችያለሽ አልኳት። "ይቆይ" አለችኝ።