የመንጋጋ ቆልፍ መርፌ ለስንት ጊዜ ይጠብቃል?

ጠያቂ (ሐይቅ)፦ ጎረቤታችን ማሽላ ሲያጭድ ማጭዱ እግሩን በላው። ጤና ጣቢያ አንድ መርፌ ወግተውት ካርዱ ላይ «ቲ.ኤ.ቲ» ብለው ጻፉ። ከእንግዲህ ለዓመታት አያሰጋውም ማለት ነው?

መልስ (ደሴ)፦ አይደለም ወንድሜ። ቲ.ኤ.ቲ ክትባት ሳይሆን ከፈረስ ደም የተወሰደ፣ ተዘጋጅቶ ያለቀ አንቲቦዲ (መርዙን የሚያከሽፍ የሰውነት መከላከያ) ነው። ወዲያው ይሠራል፤ ግን ሰውነት እንደ ባዕድ ቆጥሮ ስለሚያስወግደው ከ2 እስከ 3 ሳምንት ቢቆይ ነው። ሰውነቱ ራሱ መከላከልን አልተማረም። በዚያው ዕለት በሌላ ስሪንጅ፣ በሌላ ቦታ ቲዲ (የመንጋጋ ቆልፍና የዲፍቴሪያ) ክትባት መወጋት ነበረበት፤ ካልተወጋ ነገ ይሂድ። 1ኛው ዶዝ ብቻውን አያስተማምንም። 2ኛው ከ4 ሳምንት በኋላ ሲሰጥ ወደ 3 ዓመት ይጠብቃል። ከዚያ ከ6 ወር በኋላ 3ኛው፣ 5 ዓመት። ከአንድ ዓመት በኋላ 4ኛው፣ 10 ዓመት። አሁንም ዓመት ቆይቶ 5ኛውን ከወሰደ ለረጅም ዘመን ይበቃዋል። ሰዉ 1ኛውን ወስዶ ይጠፋል፤ ችግሩ እዚያ ላይ ነው።

መልስ (ወልድያ)፦ ካርዱን እንዳይጥል። የፈረስ ሴረም (ያው ቲ.ኤ.ቲ) ዳግመኛ ሲወጋ አለርጂ ሊያስነሳ ስለሚችል ቀድሞ መውሰዱን መናገር አለበት። ከሳምንት በኋላ ሽፍታ፣ ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ሕመም ከጀመረው ይመለስ። ቁስሉ ላይ እበትም ሆነ አፈር አይደረግ፤ ጀርሙ የሚኖረው እዚያው ውስጥ ነው።

ጠያቂ፦ በልጅነቱ ተከትቧል ይላሉ እናቱ።

መልስ (ደሴ)፦ የልጅነቱ ብቻ ከሆነ ማጠናከሪያ ካላገኘ እየደከመ ይሄዳል። 3 ዶዝ መውሰዱ በካርድ ከተረጋገጠ፣ ለንጹሕና ቀላል ቁስል የመጨረሻው ዶዝ 10 ዓመት ካልሞላው አያስፈልገውም፤ እንዲህ አፈር ለነካው ቁስል ግን ወሰኑ 5 ዓመት ነው። ካርድ ከሌለ እንዳልተከተበ ቆጥረው ይጀምሩለት። በሽታው ይዞት የዳነ ሰው እንኳ ይከተባል፤ በሽታውን የሚያመጣው የጀርሙ መርዝ መጠኑ በጣም ጥቂት ስለሆነ ሰውነት አያስታውሰውም።