ሴሊካዬ ዳገት ላይ ጉልበቷ ጥፍት ይላል፣ ሞተሯም ይቆራርጣል፤ ምን ላስፈትሽ?

የቆጪ ልጅ (ጠያቂ)
ሰላም ቤተሰብ። ያለሁት ጅማ ነው። መኪናዬ 2001 ሞዴል ቶዮታ ሴሊካ ናት፣ 1.8 ሞተር፣ ማንዋል። ሦስት ሳምንት ሆናት፣ ጠዋት ሳስነሳት ትንቀጠቀጣለች፣ ነዳጅ ስሰጣት ትቆራርጣለች። ባለፈው እሁድ ከአዲስ አበባ ስመለስ ጊቤን ተሻግሬ ዳገቱን ስይዝ ደግሞ በ3ኛ ማርሽ ድንገት ጉልበቷ ጠፋ፣ እስከ ታች ብረግጥም ከ40 አላልፍም አለች፣ ከኋላዬ ሲኖትራክ ጡሩምባ ይነፋል፣ ልጄ ከጎኔ ተቀምጣለች፣ በጣም ነው የደነገጥኩት። ዳር አውጥቼ አጠፋኋት። 10 ደቂቃ አርፋ ስትነሳ ደህና ሆና ሰኮሩ አደረሰችኝ፣ ከዚያ መልሶ ያው። ቼክ ኢንጅን መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል። ጋራዥ 4ቱን ካንዴላ ቀየሩ፣ ዲፕራተርም ቀየሩ፣ ለውጥ የለም። አሁን የነዳጅ ፓምፕ ግዛ ተብያለሁ። ልግዛ?

10 ቁልፍ
ወንድሜ፣ ገና ምንም አትግዛ። መብራቱ በርቶ ከቆመ ቀስ ብለህ ጋራዥ ትደርሳለህ። ብልጭ ድርግም ካለ ግን ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ማርሚታው እየሄደ ካታሊስቱን (ጭሱን የሚያጣራውን ዕቃ) እያጋለው ነው። እሱ ቀልጦ ከተደፈነ ጭሱ መውጫ ያጣል፣ ያኔ ወጪው ሌላ ነው። እስኪታወቅ ድረስ አትርገጣት፣ ከተማ ውስጥም ቢሆን። ኮምፒውተር ተደርጋለች (የጥፋት ኮዷ በማሽን ተነቧል)? ኮዱን ጻፍልን። ፒ0301 እስከ ፒ0304 ካለ የመጨረሻዋ ቁጥር ያመመውን ሲሊንደር ትነግርሃለች። ፒ0300 ከሆነ ማቃጠሉ አንድ ቦታ ሳይሆን በተለያዩ ሲሊንደሮች ላይ እየዘለለ ነው ማለት ነው።

ጂሬን
ምናልባት ከፍታው ይሆን? ጅማ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ይሳሳል።

10 ቁልፍ
ከፍታ ጉልበት ይቀንሳል፣ ልክ ነህ። ግን ሁልጊዜ ነው የሚቀንሰው እንጂ ድንገት አይቆርጥም። ጊቤ በረሃው ደግሞ ከጅማ ዝቅ ያለ ነው።

የቆጪ ልጅ
ዛሬ ኮምፒውተር አስደረግኩ። ፒ0302 እና ፒ0171 አለ።

መካኒኳ
እኔ እዚሁ ጅማ ጋራዥ ነው የምሠራው፣ ይህን ሞተር ደጋግሜ ከፍቼዋለሁ። ከዚያ ዘመን 1.8 ኮሮላ ጋር አንድ ሞተር ነው፣ ስለዚህ ዕቃ አይጠፋም። እያንዳንዱ ካንዴላ የራሱ ኮይል (እሳት የሚሰጠው ዕቃ) አለው። የላይኛውን ፕላስቲክ ክዳን አንሣ፣ በ10 ቁልፍ የ2ኛውን ኮይል ፍታ፣ ወደ 3ኛ አዙረው፣ የ3ኛውን ወደ 2ኛ። ኮዱን አጥፍተህ ንዳት። ኮዱ ፒ0303 ሆኖ ከመጣ ጥፋቱ የኮይሉ ነው፣ ያለ ምንም ወጪ አወቅክ። እዛው ፒ0302 ላይ ከቀረ ወደ ኢንጀክተር (ነዳጅ የሚረጨው) እና ኮምፕሬሽን (የሲሊንደሩ እመቃ) እንሄዳለን።

ኮይሉን ስትስብ ካንዴላው ላይ የሚገባውን የኮይሉን ጎማ በደንብ እየው። እንደ ፀጉር የቀጠነ ነጭ ወይም ጥቁር መስመር ካለበት እሳቱ በዚያ እየሾለከ ነው። ካንዴላው የተቀመጠበት ጉድጓድ ውስጥም በባትሪ እያበራህ ተመልከት፣ ዘይት ካለ የቫልቭ ክዳኑ ማሸጊያ ጎማ አርጅቷል። ውሃ ካለ ደግሞ... ሞተሩን በቅርቡ ላቫጆ አሳጥበሃል?

ፒ0171 (ነዳጅ አነሰ የሚለው ኮድ) ብዙ አያስደንግጥህ። ቤንዚኑ ሳይቃጠል ሲወጣ ኦክስጅኑም አብሮ ይወጣል፣ ሴንሰሩ ያንን አይቶ ነዳጅ አነሰ ብሎ ሊያስብ ይችላል።

ሰርቦ
የእህታችን መልስ ጥሩ ነው። ግን አንድ ነገር ልጨምር። አንድ ሲሊንደር ሲሞት መኪናዋ ትንቀጠቀጣለች፣ ትደክማለች፣ እንጂ እስከ ታች ተረግጣ 40 ላይ አትቀርም። 10 ደቂቃ አርፋ መዳኗ ሌላ በሽታ ይመስለኛል፣ የነዳጅ ፓምፑ ሲግል ይደክማል ወይም ነዳጅ የሚመጥበት ወንፊት በቆሻሻ ተደፍኗል። ቤንዚን ከየት ነው የምትቀዳው? ማደያ ሲጠፋ በጄሪካን እና በሃይላንድ የሚሸጠውን ከቀዳህ ውሃም ላምባም ሊኖርበት ይችላል። ፓምፕ ከመግዛትህ በፊት የነዳጁን ግፊት በጌጅ (በግፊት መለኪያ) አስለካ፣ ከ3 እስከ 3.5 ባር አካባቢ መሆን አለበት። ቆማ ሳይሆን ሞተሩ ግሎ፣ ነዳጅ እየተሰጣት ይለካ።

የቆጪ ልጅ
መልስ ይዤ መጣሁ። ኮይሉን አዟዟርኩት፣ ኮዱ ፒ0303 ሆነ! ጎማው ላይ ያቺ መስመር በግልጽ ትታያለች። አዎ፣ ከወር በፊት ላቫጆ ሞተሩን በፕሬሸር አሳጥቤው ነበር፣ 2ኛው ጉድጓድ አፉ ላይ የዝገት ቀለበት አለ። ኮይሉን ቀየርኩ፣ መንቀጥቀጡ ወዲያው ቆመ።

ግፊቱ ደግሞ ቆማ 3.2፣ ግላ ሲረገጥ ወደ 1.8 ወረደ። የኋላ ወንበሩን አንሥተን ፓምፑን አወጣነው። ወንፊቱ ቡና የተጣራበት ጨርቅ መስሏል፣ ጠቆር ያለ ጭቃ ነው የያዘው፣ ታንከሩ ሥር ውሃ ነበር። በጄሪካን ሁለት ጊዜ ቀድቻለሁ፣ አልዋሽም። ታንከሩ ታጠበ፣ ወንፊት ተቀየረ፣ ፓምፑ የድሮው ነው። አሁን ግላ ስትረገጥም 3.2 ላይ ትቆማለች። ትናንት ሰኮሩ ደርሼ ተመለስኩ፣ ዳገቱን በ4ኛ ነው የወጣችው። ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። የቀሩትን 3 ኮይሎችስ ልቀይር?

መካኒኳ
አትቀይር፣ እስኪታመሙ ተዋቸው። አንድ መጠባበቂያ ግዛና ከ10 ቁልፍ ጋር መኪናዋ ውስጥ አስቀምጥ። ሞተሩን ግን በፕሬሸር አታሳጥብ፣ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ።