እሁድ እንጦጦ የሚመጣውን ሰው እንዴት እናድርገው? ምክር ፈልጌ ነው

የእንጦጦዋ (አርብ ሰኔ 19 ቀን 2012)

ሰላም የዚህ ቤት ሰዎች። ጥያቄዬ አጭር ናት፤ ወሬው ግን ረዘም ስለሚል ታገሱኝ።

ቤታችን እንጦጦ ነው። ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ ወጥታችሁ ማርያም ቤተ ክርስቲያን አካባቢ። እናቴ ለጸበልተኛ ሁለት ክፍል ታከራያለች። እኔ መንገድ ዳር ጀበና ጥጄ ቡና አፈላለሁ፣ በቆሎ ሲደርስ እጠብሳለሁ። ማለቴ፣ ከታች በሚመጣ ሰው ነው የምንበላው። አስቀድሜ የምናገረው በኋላ "እንግዳ አትወድም" እንዳትሉኝ ነው።

መጋቢት ላይ ኮሮና ገባ ሲባል ተራራው ጭር አለ። ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ ታክሲ በግማሽ መጫን ጀመረ። ጸበልተኞቻችን አንድ በአንድ ወደየአገራቸው ገቡ። ክፍሎቹ እስካሁን ባዶ ናቸው። የሰው ድምፅ ራሱ ናፍቆን ነበር።

ከግንቦት ወዲህ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ቤት መቀመጥ የሰለቸው ሁሉ ቅዳሜና እሁድ መኪናውን አስነስቶ ወደ እኛ ነው። ዘመድ ቤት መሄድ ያስፈራል፣ ሠርግ የለም፣ ልጆች ግድግዳ ሊቧጥጡ ደርሰዋል። እረዳለሁ። የጤና ሚኒስትሯ ዶክተር ሊያ በየቀኑ የሚያወጡት የታማሚ ቁጥር ሽቅብ ሲል ሰውም ሽቅብ ወደ ተራራው አለ። አየሩን እንደሆነ አልከለከልንም።

ባለፈው እሁድ አንዲት ቪትዝ ፊቴ ቆመች። ስድስት ሰው ወረደ። (ቪትዝ ስድስት ሰው እንደምትችል ያወቅሁት ያን ቀን ነው።) አዋጁ ከአራት በላይ አትሰብሰቡ ይላል። ማስክ የላቸውም እንዳልል አላቸው። አራቱ አገጫቸው ላይ፣ አንዷ ክንዷ ላይ፣ ሹፌሩ ደግሞ መኪናው መስታወት ላይ አንጠልጥሎታል፤ ለጌጥ። ቡና አዘዙ። ሲኒውን ራሳቸው ከረከቦቱ እያነሱ፣ እያማረጡ፣ መልሰው እያስቀመጡ። አንደኛው ደህና አድርጎ አስነጠሰና "እናንተ ጋ እኮ ኮሮና የለም፣ ታድላችሁ!" አለኝ። እናቴ አስም አለባት። ከዚያ ሲኒ ሁለት እርምጃ ራቅ ብላ መጋረጃ ጀርባ ተቀምጣለች።

ከዚያ "እጅ መታጠቢያ የታለ?" ይላሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ውኃው ግን ከምንጭ በጀሪካን በጀርባ የሚመጣ ነው። ጠዋት ያመጣሁት እኩለ ቀን ሳይደርስ በእንግዳ እጅ ያልቃል። ከዚያ "ሽንት ቤት?" ይከተላል። ያለን አንድ ነው፣ ለአራት አባወራ። እምቢ ስላቸው ወደ ጫካው ይገባሉ። ሲሄዱ ሀይላንዱና ፌስታሉ እዚያው ይቀራል፤ አሁን ደግሞ ማስክና ጓንት ተጨምሯል። ጎረቤታችን የባሕር ዛፍ ቅጠል ጠርጋ፣ አስራ፣ ተሸክማ ሽሮ ሜዳ ወርዳ ነው የምትሸጠው። ከቅጠሉ መሀል ሰው የተነፈሰበትን ማስክ በባዶ እጇ እየለቀመች ስትጥል ዓይኔ አይቷል።

ቅዳሜ የሰፈሩ ልጆች መሯቸው መንገዱ ላይ ግንድ አጋደሙ። "ለጸበል ከሆነ እለፍ፣ ለሽርሽር ከሆነ ተመለስ።" አንድ ሰውዬ ከመኪናው ወርዶ "መንገዱን አባትህ ነው የሠራው?" አለ። ልጁ ዱላ አነሳ። ሽማግሌዎች ባይደርሱ ሌላ ነገር ይሰማ ነበር። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ምን አየሁ? ሃያ ብር ለሰጠ ግንዱ ይነሳል። ሃያ ብር የከፈለ ኮሮና የለበትም ማለት ነው?

ከነገ ወዲያ እሁድ ነው። ደግሞ 21፣ ማርያም። ከደጅ ተሳልሞ የሚመለሰውም፣ ጸበል የሚመጣውም፣ ፎቶ ሊነሳ የሚመጣውም አንድ ላይ ነው የሚፈሰው። ግንዱ ይነሳ ወይስ ይቆይ? ሰፈራችሁ እንዲህ ያለ ነገር የገጠማችሁ ምን አደረጋችሁ?

ሯጩ

እህቴ፣ በአክብሮት ልናገር። እኔ ከገርጂ ነው የምመጣው። እንጦጦ መሮጥ የጀመርኩት ኮሮና ሳይታሰብ ነው። ብቻዬን እመጣለሁ፣ ብቻዬን እሮጣለሁ፣ ቡና አልጠጣም፣ ሽንት ቤት አልጠይቅም። ከተማ ውስጥ የት ልሩጥ? አስፋልት ላይ ጭስ እየሳብኩ?

ቅዳሜ ግንዱ ጋ ካስቆሟቸው አንዱ ነበርኩ። አምስት ሆነው፣ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው፣ ማስክ የሚባል ነገር ሳያደርጉ፣ ሁለቱ አንገታቸውን በመስኮቴ አስገብተው "ከየት ነህ?" አሉኝ። አንዱ ጫት ይዟል። ኮሮና ከያዘኝ እዚያች መስኮት ላይ ነው የያዘኝ። ሃያውን ብር አልሰጠሁም፤ ዞሬ ወረድኩ። ተራራው የሁሉም ነው፤ የአንድ ሰፈር ግቢ አይደለም።

የእንጦጦዋ

ስለ ልጆቹ ያልከው ልክ ነው፤ እኔም ነግሬያቸዋለሁ። እንደ አንተ ብቻውን የሚመጣውንማ ማን ጠላው? ግን መኪናህን የት ነው የምታቆመው?

ሯጩ

ከቤተ ክርስቲያኑ ወረድ ብሎ አንድ የቆርቆሮ በር አለ፣ እሱ ፊት።

የእንጦጦዋ

ሰማያዊው? እዚያ ግቢ ውስጥ አልጋ ላይ የዋሉ አዛውንት አሉ። ሲብስባቸው ልጆቻቸው በቃሬዛ ነው የሚያወጧቸው። በሩ ሲዘጋ በአጥር ማሻገር ሊኖርባቸው ነው እንግዲህ።

ከባሕር ማዶ

ሰላም እህቴ። እኔ እንግሊዝ አገር ቦርንማውዝ የምትባል የባሕር ዳር ከተማ ነው ያለሁት፤ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እሠራለሁ። የጻፍሽውን ሳነብ ግንዱን ትቼ ሌላው ሁሉ የኛ ሰፈር መሰለኝ።

እዚህ ሰው ለሳምንታት ቤቱ ተዘግቶበት ከረመ። ግንቦት 5 ቀን መንግሥት "በመኪና የፈለጋችሁት ርቀት ሄዳችሁ አየር ተቀበሉ" አለ። ጎረቤታችን ዌልስ ግን ቀስ ብላ ነው የከፈተችው፤ ከቤታችሁ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ አትራቁ አለች። እኛ ጋ ካፌው ዝግ፣ መጠጥ ቤቱ ዝግ፣ ብዙ ቦታ የሕዝብ ሽንት ቤቱም ዝግ፣ ባሕሩ ግን ክፍት። ሰው ማለዳ ተነስቶ ከየከተማው ይመጣል፣ ቀኑን ሙሉ ይውላል። የሚሄድበት ሽንት ቤት የለም። የት ይሂድ? የሰው አጥር ሥር።

ይኸው ሰሞኑን ሙቀቱ በረታ። ትናንት የከተማው ምክር ቤት የአደጋ ጊዜ ሁኔታ ነው ብሎ አወጀ። ረቡዕ ብቻ ከ500 በላይ መኪና ተቀጥቷል። ከባሕሩ ዳርቻ 33 ቶን ቆሻሻ ተነስቷል። ቆሻሻ የሚያነሱትን ሠራተኞች የሰደበና የዛተባቸውም አለ። ጎዳናው በመኪና ታንቆ ነበር።

ነዋሪውም እንዳንቺ ልቡ ሁለት ነው። አይስክሬም የሚሸጠው "ይምጡልኝ" ይላል፤ ከሱ በላይ ያለው ፎቅ ላይ አሮጊት እናት ያለችው "ይሂዱልኝ" ትላለች። አንድ ሕንፃ ነው።

እኔ የታዘብኩትን ልንገርሽ። ሰዉ አፉ ላይ የሚያመጣው ቫይረሱን ነው፤ ጠቡ ግን የመኪና ማቆሚያና የሽንት ቤት ነው። ሁለት ሰዓት ነድቶ ባሕሩን ያየ ሰው በቁጣም በቅጣትም አይመለስም። ያን ሁሉ ቅጣት መስታወታቸው ላይ እያዩ ዋኝተው ነው የሄዱት። ሊመለስ የሚችለው ገና ከቤቱ ሳይወጣ የሰማው ነው። እናንተም ላይ ሆናችሁ ከምትጨቃጨቁ ታች ሽሮ ሜዳ አንድ ሰው አቁሙና "ላይ ቦታ ሞልቷል" ይበል። መኪና ደግሞ ከቤቶቹ በፊት ይቁም። በእግሩ የሚወጣ ሰው ብዙ ዕቃ አይሸከምም፤ ዕቃ ያልያዘ ቆሻሻውም ትንሽ ነው።

ሕግ ይከበር

መንገድ መዝጋት የግለሰብ ሥልጣን አይደለም። ገንዘብ መቀበሉማ ሌላ ወንጀል ነው። ወረዳ ሄዳችሁ ደንብ አስከባሪ ጠይቁ።

ሳቂታው

እሁድ? ደንብ አስከባሪ እሁድ? ምናልባት እሱም ቪትዟ ውስጥ ነበረ።

የሽሮ ሜዳዋ እናት

ልጄ፣ እኔ ከናንተ እግር ሥር ነው የምውለው። ሽሮ ሜዳ የሀበሻ ልብስ እሸጣለሁ። አንድ ነገር ልበልሽና ቅር አይበልሽ።

እናንተ ወደ ላይ የሚመጣውን ነው የምታዩት። እኔ ደግሞ የሚወርደውን አያለሁ። እንጨትና ቅጠል የተሸከሙት እናቶች በየቀኑ ይወርዳሉ። ሸክማቸውን ከኔ ሱቅ ደጃፍ ካለችው የድንጋይ ደፍ ላይ አስደግፈው ያርፋሉ፤ ውኃ እሰጣቸዋለሁ፣ በአንድ ጣሳ። ገበያው መሀል ይገባሉ፣ ብር ይቀበላሉ፣ ዘይትና ጨው ገዝተው ማታ ወዳንቺ ሰፈር ይመለሳሉ። ታዲያ በሽታው ቢወጣ በመኪና ብቻ ነው የሚወጣው? በእግሩም ይወጣል። በነጠላ ጫፍም ይወጣል። ለእነሱ ደግሞ ግንድ አታጋድሙባቸው፤ የልጆቻቸው ጉሮሮ ነው።

አሁን ሠርግ ስለሌለ ቀሚስ የሚገዛ የለም። ሰፊዎቼ ሥራ እንዳይፈቱ ከቁርጥራጩ ማስክ እያሰፋሁ ነው። ጥበቡም ጠርዙ ላይ አለበት፣ ያምራል። ቅጠል ለሚሸከሙት የሚሆን ላስቀምጥልሽ፣ ነገ ወርደሽ ውሰጂ። እነሱ ቢሸፍኑ እናትሽንም ይጠቅማል። ብር አልፈልግም። ጣሳዋንም ዛሬውኑ እለውጣለሁ።

የእንጦጦዋ (ቅዳሜ ማታ)

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። እማማ፣ ማስኩን ወስጃለሁ፤ አጣሁዎት እንጂ እጅ ልነሳ ነበር። ልጅዎ ነው የሰጠኝ። ጥበቡን ሲያዩ ሴቶቹ "ይሄን ለብሰን ቅጠል ልንሸከም ነው?" ብለው ሲሳሳቁ ነበር። ግን አደረጉት።

ዛሬ የእድራችን ዳኛ ልጆቹን ሰብስበው ነበር። ክርክሩ እሳት ነበር። ልጆቹ "ሥራ የለንም፣ ሃያ ብሩ ምን አለበት?" አሉ። ዳኛው "ብር ከፈለጋችሁ መኪና ጠብቁና ሰውየው በፈቃዱ ይስጣችሁ። በር ላይ ቆሞ መቀበል ግን ከኬላ ዘራፊ በምን ይለያል?" አሏቸው። አንዱ አኩርፎ ወጣ። ሌሎቹ እሺ ብለዋል፤ እሁድ ሲመጣ እናያለን።

ግንዱ ከመንገዱ ተነስቷል። ወረድ ብሎ ሰፋ ያለው ሜዳ ጫፍ ላይ ተጋድሟል፤ መኪና እዚያ ይቁም ለማለት። ከዚያ ወዲያ በእግር። ታማሚና አዛውንት የያዘ መኪና እስከ በሩ ይለፍ። የሚቆሙት ልጆች ሁለት ናቸው፣ ማስክ አድርገው፣ ራቅ ብለው፤ አንገት በመስኮት ማስገባት የለም ተብሏል፣ ሯጩ ስማ። ታች "ሞልቷል" የሚል ሰው ይቁም ያልሽው፣ የባሕር ማዶዋ፣ የታክሲ ረዳቶቹን ለመንን። እነሱ እንደሆኑ ወሬ ማድረስ ሥራቸው ነው።

ሽንት ቤቱ ግን መላ አልተገኘለትም። አንድ ጎረቤታችን "ጉድጓድ ቆፍረን በሸራ እንከልል" አለ፤ ክረምቱ እየገባ ነው፣ ጎርፉ ወደ ምንጩ ቢወስደውስ ተባለና ተተወ። ስለዚህ እባካችሁ፣ ከቤት ስትወጡ ተጠቅማችሁ ውጡ። ሌላ ምን እላለሁ።

ቡና የምትጠጡ ደግሞ ሲኒያችሁን ከቤታችሁ ይዛችሁ ኑ። የምሬን ነው። እኔ ከጀበናው እቀዳለሁ፣ እናንተ አትነኩኝ፣ አልነካችሁም። እጅ መታጠቢያ ውኃ በሀይላንድ ያዙ፤ ባዶውንም ይዛችሁ ውረዱ።

ከእናቴ ጋር ግን አልተስማማንም። እሁድ ወደ ውስጥ ክፍል ግቢና ዘግተሽ ዋይ ብላት፣ "በማርያም ቀን ለደጇ የመጣ ሰው 'ውኃ' ብሎ ቢጠይቅ በሬን ዘግቼ ልቆይ?" አለችኝ። ገና እየተከራከርን ነው።

ሯጩ

ቆርቆሮ በሩን አላወቅሁም ነበር፤ ከእንግዲህ እዚያ አላቆምም። ነገ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሜዳው ጋ አቁሜ ብወጣስ? ያኔ ሰው አይኖርም።

የእንጦጦዋ

ነገ 12 ሰዓት ላይማ ከሌሊት ጀምሮ የመጣ ተሳላሚ ነው የሚያጋጥምህ፤ መሮጫም አታገኝ። ሰኞ ና።